ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ባሕር ለሚሻገሩ ወላጆች የሚገዛው የጉዞ መድን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ልጆቻቸውን ለመጠየቅና ጥቂት ወራት አርፈው ለመመለስ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ስለ ቪዛው፣ ስለ ቲኬቱ፣ ለልጅ ልጆች ስለሚጫነው በርበሬና ሽሮ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር ይሰነብታል፤ የጉዞ መድኑ ግን ቲኬት ቆራጩ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አያይዞ የሚሰጠው፣ ማንም ሳያነበው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ገጽ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል ብዬ ስለማምን ሐሳቤን በጋዜጣችሁ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ዋናው ችግር መድኑን የምንገዛው ኤምባሲ ስለጠየቀን ብቻ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚያስገቡት የሸንገን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የቪዛ ሕግ መሠረት ተጓዡ በሁሉም አባል አገሮች የሚሠራ፣ የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚሸፍንና ከ30,000 ዩሮ የማያንስ የሕክምና መድን እንዲይዝ ይጠየቃል፤ ካናዳም ለወላጆችና ለአያቶች በምትሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን መድን ትጠይቃለች። አሜሪካ ግን ከጎብኚ ይህን ስለማትጠይቅ ወደዚያ የሚሄደው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም መድን ይሳፈራል፤ የሕክምና ዋጋ እጅግ የሚከብደው ደግሞ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን መክፈል አይችልም ብለው ሳይመረምሩና ሳያረጋጉ እንዳይመልሱት ያስገድዳል እንጂ ሂሳቡን አያስቀርም፤ ሂሳቡም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በጋበዘው ልጅ ጫንቃ ላይ ነው።

ከምርጫው ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የተጓዡ ዕድሜና ጤና ነው። ወላጆቻችን ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የጉዞ መድን ውሎች ደግሞ ቀድሞ የነበረ ሕመምን አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ በድንገት ሲባባስ ብቻ እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ይከፍላሉ፤ የዕድሜ ጣሪያ የሚያስቀምጡም አሉ። ስለዚህ ለመድኑ በሚከፈለው ገንዘብ፣ በአረቦኑ፣ ርካሽነት ከመማረክ ይልቅ ይህን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ፣ ካልገባም የመድን ድርጅቱን ሠራተኛ አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። አረቦኑ እንዳይጨምር በሚል የእናቱን ደም ግፊት በቅጹ ላይ ሳይሞላ የሚያልፍ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን ሳይቀር ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር የመድን ውሉን ዋጋ እንደሚያሳጣው ይደነግጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ለመናገር የሚከብደን ነው። ሰው እዚህ ሲያርፍ ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ አለ፤ ድንኳኑም፣ ቀባሪውም፣ አስተዛዛኙም ከደጅ ነው። ባሕር ማዶ ግን አስከሬን ወደ አገር መመለስ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ወገን በየቦታው መዋጮ ሲሰበስብ እንሰማለን። የሸንገኑ መድን ይህን ወጪ እንዲያካትት ሕጉ ያስገድዳል፤ ለሌላ አገር በሚገዛ ውል ውስጥ ግን መኖሩንና መጠኑን ጠይቆ ማረጋገጥ የቤተሰቡ ፋንታ ነው።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም፤ በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገዱ ራሱ እስከ ተወሰነ መጠን ተጠያቂ ነው፤ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይበቃል። ይልቅ የመድን ሰጪው የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር በተቀባዩ ልጅ እጅ መኖሩ ይበልጣል፤ ብዙ ውሎች ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ሆስፒታል ከመተኛት በፊት እንዲደወልላቸው ይፈልጋሉና። ከእያንዳንዱ ሂሳብ ላይ ተጓዡ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ስንት እንደሆነም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችንም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፤ የሚኖሩበት አገር መንግሥት ወደ አካባቢው እንዳይጓዙ ካሳሰበ፣ እዚያ የገዙት መድን ላይከፍላቸው ይችላል፤ በጦርነት ሳቢያ የሚደርስ ጉዳትን የማይሸፍን ውልም የተለመደ ነው።

እንግዲህ መድን ሰጪ ድርጅቶቻችንን የምጠይቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚጻፈው ውል ጋር የማይሸፈኑትን ነገሮች፣ የዕድሜ ጣሪያውን፣ የአስከሬን መመለሻውን መጠንና የአደጋ ጊዜ ስልኩን የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ አያይዘው እንዲሰጡ ነው። ድርጅቶቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክም ይህን በመመሪያ ቢያስገድድ፣ ወረቀቱ ደሴ ላይ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው እጅ ሳይቀር ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ