ወርቅ መሳዩ ሸክላ ወርቅ የለበትም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ጥንት እስላማዊ ሸክላ ባወጣችሁት ጽሑፍ ሳህኖቹ «በወርቅ የተቀቡ» ተብለዋል። ወርቅ የለባቸውም፤ የሚያብረቀርቀው ብርና መዳብ ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች ሳህኑን ቲን የተባለ ማዕድን በገባበት ነጭ የመስታወት ልባስ ሸፍነው ይተኩሱታል። ከዚያ የብርና የመዳብ ውህድ ከቀይ አፈርና ከኮምጣጤ ጋር ለውሰው ይሥሉበታል። የኋለኛው እሳት ለዘብ ያለ ነው፤ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ቁም ነገሩ ያለው ጭሱ ላይ ነው። እቶኑ አየር ሲያጥረው ጭሱ ከውህዱ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ብሩና መዳቡም በልባሱ ገጽ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ሆነው ይቀራሉ። ሲቀዘቅዝ አፈሩ ይፈገፈጋል፣ ነጸብራቁም ከሥሩ ብቅ ይላል። እሳቱ ከበዛ ልባሱ ይለሰልስና አፈሩ አልላቀቅ ይላል፤ ጭሱ ካነሰ ደግሞ ሥዕሉ ይገረጣል። (ጀበናም በጭስ ይጠቁራል፤ እዚያ የሚቀረው ግን ጥላሸት ነው።)

ጌጡ መጀመሪያ ባለብዙ ቀለም ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ቀለም ብቻ ሆነ፤ ሰውና እንስሳ ገቡበት፣ ባዶው ቦታም በነጠብጣብ ተሞላ። በዚህ ዘዴ የተሠሩ የ9ኛው ክፍለ ዘመን የግድግዳ ሸክላ ሰሌዳዎች ዛሬም በቱኒዚያ፣ በቀይረዋን ታላቁ መስጊድ ምሕራብ (የጸሎት አቅጣጫን በሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ) ዙሪያ ይታያሉ።

የሸክላ ሥራ አስተማሪዎች፣ ከደሴ