ለደንበኞቻችን፦ አሮጌው አምስትራድ «ሸ»ን «ሰ» አድርጎ የሚያትመው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከፒያሳ ተነስተን አራት ኪሎ ከገባን ወዲህ አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። አብዛኞቹ ሊሸጡት አይደለም የሚያመጡት። የአባት ወይም የአጎት ዕቃ ነው፤ እንደገና ሲሠራ ማየት ይፈልጋሉ። ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር አለ። አምስትራድ ሲፒሲ 464 የሚባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፕሪንተር አማርኛውን ለምን ያበላሻል? ለሁላችሁም በአንድ ላይ ብንመልስ ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

ነገሩ የገባን በአንድ ደንበኛችን ሥራ ነው። እኚህ ሰው የአማርኛ ፊደላትን ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ራሳቸው ሠርተዋል። እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲታይ በጣም ያምራል። የእድራቸውን የአባላት ዝርዝር ኤፕሰን ኤልኤክስ-300 በሚባል ፕሪንተር አተሙና ወረቀቱን ይዘውልን መጡ። ሸዋዬ «ሰዋዬ» ሆነዋል። ተሾመ «ተሶመ» ተብለዋል። እጅጋየሁ ደግሞ «እድጋየሁ»። ወረቀቱን ጠጋ ብለን ስናየው ከሁሉም ፊደል አናት ላይ አንድ ረድፍ ነጥብ ጎድሏል። ሸን ከሰ፣ ጀን ከደ፣ ኘን ከነ የምትለየው ደግሞ አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። እሷ ስትሄድ ስሙም አብሮ ይሄዳል። የሰው ስም ተበላሽቶ መታተሙ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእድር መዝገብ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የፕሪንተሩን ሄድ፣ ማለትም በመርፌ ወረቀቱ ላይ ነጥብ የሚመታውን ክፍል፣ ነበር። ከ9ኙ መርፌዎች የላይኛዋ ሞታለች አልን። የፕሪንተሩን የራሱን መሞከሪያ ገጽ ስናወጣ ግን አንዲትም ነጥብ አልጎደለችም። ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው፤ አሁንም ደህና ነው። ከዚያ ቴስተሩን አምስትራዱ የፕሪንተር መውጫ ላይ አሳረፍነው። አንዱን ጫፍ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ላይ፣ ሌላውን 9ኛው ፒን (የመውጫው 9ኛ መገናኛ) ላይ ስናደርገው ጮኸ፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው። በቃ፣ ተገኘ።

ብልሽት አይደለም። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። ለፕሪንተሩ የተመደቡት 8 መስመሮች ናቸው። 7ቱ ዳታ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1፣ ይሸከማል። የቀረው አንዱ «ልኬልሃለሁ፣ ተቀበል» የሚለውን ምልክት ይሰጣል። ለ8ኛው የዳታ ቢት የተረፈ መስመር ስለሌለ ቦታው፣ ማለትም 9ኛው ፒን፣ ከግራውንድ ጋር ታስሯል። ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ 7 ቢት ይበቃል፤ 128 ምልክት ይይዛል። አማርኛው ግን የሚታተመው እንደ ሥዕል ነው። ኤፕሰን ሥዕል ሲያትም እያንዳንዱ ቢት አንዲት መርፌ ያዛል፤ 8ኛው የሚያዘው የላይኛዋን ነው። ሰረዟ የቀረችው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው አንዲት ሽቦ ናት። ኮምፒውተሩ ውስጥ 8255 የሚባል ቺፕ አለ። 12ኛው እግሩ ወደ ካሴት ሲቀዳ ሲግናሉን የሚያወጣው ነው፤ ማተም ላይ ሥራ የለውም። እዚያ እግር ላይ ቀጭን ሽቦ ሶልደር አድርገን ወደ ውጭ እናወጣለን። ኬብሉ ላይ ደግሞ ወደ 9ኛው ፒን የሚሄደውን ክር በኮምፒውተሩ በኩል ቆርጠን ከዚህች ሽቦ ጋር እናገናኘዋለን። ቦርዱ ላይ የምንቆርጠው ነገር የለም። እዚህ ላይ ግትር ነን፤ የ40 ዓመት ቦርድ ተቆርጦ እንደነበረው አይመለስም። ሽቦዋን ግን በማንኛውም ቀን ማንሳት ይቻላል። ካሴት ላይ መቅዳትም እንደ ድሮው ይሠራል።

ቤታችሁ ለመሞከር ላሰባችሁ አንድ ነገር። ጠፍጣፋው ኬብል ላይ ክሮቹ የሚደረደሩት 1፣ 19፣ 2፣ 20 እያሉ ነው። ስለዚህ የ9ኛው ፒን ክር 9ኛው ሳይሆን 17ኛው ነው። እኛም መቀስ ከማንሳታችን በፊት በቴስተር እናረጋግጣለን።

በዚያው የ14ኛውን ፒን ክርም እንቆርጣለን፤ እሱ 27ኛው ክር ነው። በዚህ ማሽን ላይ 14ኛው ፒንም ከግራውንድ ጋር የታሰረ ነው። ፕሪንተሩ ይህን «በየመስመሩ መጨረሻ ወረቀቱን ራስህ ግፋ» ብሎ ይረዳዋል። ኮምፒውተሩም ያንኑ ትእዛዝ ስለሚልክ በየመስመሩ መሃል ባዶ መስመር ይገባል። በዚህ ምክንያት ስንት ወረቀት በከንቱ አልቋል!

ሽቦዋ ብቻዋን አትበቃም፤ ፕሮግራሙም ማወቅ አለበት። ከእያንዳንዱ ዳታ በፊት አድራሻ 63232 ላይ 11 ሲጻፍ 8ኛው ቢት ይበራል፤ 10 ሲጻፍ ይጠፋል። በቤዚክ አንዲት ትእዛዝ ናት። አማርኛው ሲያልቅ 10 መጻፍ አትርሱ። ቢቱ እንደበራ ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣው እንግሊዝኛ ዘመም ብሎ ወይም በሌላ ምልክት ተለውጦ ይወጣል። ያኔ ፕሪንተሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

የእድሩ ዝርዝር ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ታትሟል። ደንበኛችን እዚሁ ቆመው ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ሸዋዬም፣ ተሾመም፣ እጅጋየሁም በየቦታቸው ናቸው።

ማሽኑን ስታመጡ ሞኒተሩንም አብራችሁ አምጡልን። ኮምፒውተሩ የ5 ቮልት ኃይሉን የሚያገኘው ከሞኒተሩ ስለሆነ ብቻውን ቢመጣ ልንሞክረው አንችልም። ፕሪንተሩና ኬብሉም ይምጡ። ቤት ውስጥ ስትነቅሉ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱንም አጥፉ፤ እየበራ ኬብል መንቀል ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ባልደረቦቻችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ