የቃላት ክበብ፦ «ስማርት» ያከረመን ዓመት

በዚህ ዓመት የቃላት ክበባችን ዘጠኝ ልጆች ነበሩት። ሁሉም እዚሁ ቶኪዮ፣ ካትሱሺካና አካባቢዋ ነው የሚኖሩት። እርስ በርስ የሚያወሩት በጃፓንኛ ነው። አማርኛውን ከቤት ይሰማሉ፣ እንግሊዝኛውን በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ይማራሉ። ኤፕሪል ላይ ስንጀምር በየቅዳሜው አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ልናጠና ነበር ያሰብነው። አንዱ ቃል ግን ሁለት ወር ያዘን።

ነገሩን ያመጣችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ ብልህ ነሽ ለማለት «ስማርት ነሽ» አሏት። «ስለ ሰውነቴ ለምን ያወራሉ?» ብላ ከፍቷት መጣች። በጃፓንኛ «ሱማቶ» ማለት ቀጭን፣ ሸንቃጣ፣ ዘናጭ ማለት ነዋ! ብልህ ለማለት «አታማ ጋ ኢ» ይላሉ፤ ጭንቅላቱ ጥሩ ነው እንደማለት። ልጅቷ ቃሉን ጭራሽ ባታውቀው ትጠይቅ ነበር። የምታውቀው ስለመሰላት ግን አልጠየቀችም። ለጃፓንኛ ተናጋሪ ልጅ ከሁሉም የሚከብደው እንዲህ ያለው፣ በካታካና፣ ጃፓኖች የውጭ ቃላትን በሚጽፉበት ፊደል፣ ተጽፎ ቤተኛ የሆነው ቃል ይመስለኛል።

ምንጩን ፍለጋ ገባን። ከሺህ ዓመት በፊት በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ የሚያቃጥል፣ የሚያም ማለት ነበር። ጀርመኖች ሕመምን የሚጠሩበት «ሽሜርትስ» ዘመዱ ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጭስ ዓይኑን ሲያቃጥለው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። የሚያቃጥለው ውሎ አድሮ ስል፣ ፈጣን ማለት ሆነ። ከዚያ ብልህ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጥሩ የለበሰ ማለት መጣ። ጃፓንኛ የአለባበሱን ያዘና ወደ ቁመና ወሰደው።

ልጆቹ «ከማቃጠል እንዴት ብልህ ይወጣል?» ብለው ሙጭጭ አሉ። የመለሰው ከሁሉም ትንሹ ልጅ ነው። «እማዬ እህቴን ሚጥሚጣ ናት ትላለች» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሃ!» አለ። ያቺን ቅዳሜ አልረሳትም። ልጆቹ አማርኛቸው ደካማ እንደሆነ ነው የሚያስቡት። የእንግሊዝኛውን ቋጠሮ የፈታላቸው ግን ያው አማርኛቸው ነው።

ሌላም አገኙ። ስልካቸውን «ሱማሆ» ነው የሚሉት፤ ስማርት ፎን አጥሮ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው «ስማርት» ቀጭን ሳይሆን ብልህ መሆኑን እስከዚያ ቀን አንዳቸውም ልብ አላሉትም ነበር።

በመጪው ኤፕሪል በ«ናይቭ» እንጀምራለን። እንግሊዝኛው የዋህ፣ በቀላሉ የሚታለል ሲል፣ ጃፓንኛው «ናይቡ» ልበ ስስ ይላል። ወላጆች፣ እስከዚያው ቤት ውስጥ የምትሏቸውን ቅጽሎች ልጆቹ ደብተር ላይ ይጻፉልን።