ዕጣን የምናጨስ አከራዮች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ስላለችው ከተማችን ስለ ኤድመንተን የቤት ኪራይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ጽሑፍ ነው። ግን ሐበሻው ሁሉ ተከራይ ይመስል እኛን አከራዮቹን ሳይነካን አለፈ። ቤዝመንቱን፣ ማለት ምድር ቤቱን፣ የሚያከራየው የአገራችን ሰው ስንት ነው! እኔም አንዷ ነኝ።

ቤት ፈልገው ከሚደውሉልን መካከል ክሪዎችና ሜቲሶች የሚባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከተማዋ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1876 የእንግሊዝ ዘውድ ከነባር ሕዝቦች ጋር የተፈራረመው ስድስተኛው ውል በሚሸፍነው መሬት ላይ ነው። ዛሬም በካናዳ ከዊኒፔግ ቀጥሎ ብዙ ነባር ሕዝብ የሚኖረው እዚሁ ነው። ታዲያ በስልክ «አልተያዘም፣ ና እየው» የተባለ ሰው በር ላይ መልኩ ሲታይ «አሁን ተያዘ» ይባላል። ይህን ቡና ላይ እንደ ብልጠት ሲያወሩት እሰማለሁ። «ዘመድ ያበዛሉ» ይላሉ። ዘመድ ማብዛት እኛ ዘንድ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

የአልበርታ ሕግ በዘር፣ በትውልድ፣ በሃይማኖትም ሆነ በገቢ ምንጭ ተከራይን መከልከል አይፈቅድም። በመንግሥት ድጎማ ነው የሚኖረው ብሎ መመለስም ያስጠይቃል። ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅም ክልክል ነው። ለነባር ሕዝቦቹ ሲሆን ግን እጥፍ የሚጠይቁ አሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጭሱ ነገር ነው። ከነባር ሕዝቦቹ ብዙዎቹ ለጸሎት ሴጅ የሚባል ቅጠል ያጨሳሉ። አከራዩ «ቤቴ ሸተተ» ይላል። ፎቅ ላይ ግን የራሱ ዕጣን ይንቦለቦላል! በጎረቤታችን ክፍለ ሀገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንድ አከራይ ሴት ተከራዩን በዚሁ ጭስ ምክንያት አስቸግሮ፣ የሰብአዊ መብት ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍላት ፈርዶበታል። የእሳቱ ነገር ካሳሰበን መስኮት ስለ መክፈትና ስለ ጭስ ጠቋሚው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

«የቀድሞ አከራይህን ደብዳቤ አምጣ» የሚባለውም መታሰብ አለበት። ለነባር ሕዝቦች በተከለለው መሬት፣ በሪዘርቭ ውስጥ፣ ቤቱ በአብዛኛው የማኅበረሰቡ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ደብዳቤውን ከየት ያመጣል? የአሠሪው ወይም የፍሬንድሺፕ ሴንተር (በከተማ ያሉ ነባር ሕዝቦችን የሚያግዝ ማዕከል) ደብዳቤ ይበቃል። እኛስ ካናዳ ስንገባ ምን ክሬዲት፣ ማለት ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ ነበረን?

እባካችሁ የአከራይና የተከራይን ሕግ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ አውጡልን። ስለ ጭሱም ጻፉበት፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው።

አንዲት አከራይ፣ ኤድመንተን