ስለ ባሕር ስንናገር ስለ ወደብ ብቻ አይሁን

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን ስለ ባሕር የሚጻፈው በዝቷል። ጽሑፎቹን ስከታተል ግን ባሕር በተነሣ ቁጥር አብረው የሚነሡት ወደብ፣ ኮንቴይነርና የአገልግሎት ክፍያ ብቻ መሆናቸውን አስተውያለሁ፤ ሰው በባሕር ዳር እንዴት እንደሚኖር፣ ያንን ኑሮስ ለምን እንደሚወደው የሚነግረን አላገኘሁም። በሥራ ምክንያት ስድስት ዓመት በኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ በሞምባሳ ኖሬ ወደ ሱሉልታ የተመለስኩ ሰው በመሆኔ የማውቀውን ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከእንጦጦ ጀርባ ለምንኖር ሰዎች የሞቃት አገር ምኞት እንግዳ ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩን ውርጭ መትቶት እናያለን፤ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላም ሽንብራ ለመቀቀል የሚፈጀውን ከሰል እናቶቻችን ያውቁታል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው ሰው ከብርድ ወደ ሙቀት በመውረዱ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ባይሳቡ ኖሮ ከተማዋ ዛሬ ባለችበት ስፍራ መገኘቷ ያጠራጥራል።

ሆኖም ብዙ ሰው የቆላ ባሕር ዳር ሲባል የሚታየው የሚያነድ ሐሩር ብቻ ነው። ይህ ግምት ከምፅዋ የመጣ ይመስለኛል፤ ለምፅዋ እውነት ነው፣ ለሞምባሳ ግን አይደለም። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ብትገኝም የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው 30 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ይቆማል፤ ምክንያቱም ፀሐይ የብሱን ከባሕሩ ቀድማ ስለምታሞቀው በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከባሕሩ በኩል ቀዝቀዝ ያለው ነፋስ ገብቶ ቦታውን ይተካል፣ ሌሊት ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። ከዚህ ዕለታዊ ነፋስ ሌላ ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ታላላቅ ነፋሳት አሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ለወራት ከደቡብ የሚነፍሰውን ኩሲ ይሉታል። ባለ ሸራ ጀልባዎች ከዐረብና ከሕንድ አገር በአንደኛው መጥተው በሌላኛው ሲመለሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የማረከኝ ግን የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ንጋት ላይ ጀልባዎች ተንሳፍፈው ያየሁበት ስፍራ ረፋዱ ላይ ሴቶችና ልጆች በባዶ እግራቸው ዛጎልና ኦክቶፐስ የሚፈልጉበት ሜዳ ሆኖ አገኘው ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነገ ስንት ሰዓት እንደሚወጡ ስጠይቃቸው ቀና ብለው ጨረቃዋን አይተው ይመልሱልኝ ነበር። ሥራን፣ ምግብንና እንቅልፍን እንዲህ ከሰማይና ከውኃ ጋር አስማምቶ መኖር ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሚሰጥ ያየው ያውቀዋል።

ኑሮው ለእኛ ሩቅ አለመሆኑም አስደንቆኛል። በስዋሂሊ ባሕር «ባሃሪ» ነው። ሰዓታቸውንም እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ስለሚቆጥሩ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ለእነርሱም አንድ ሰዓት ነው፤ በዚህ ረገድ ከናይሮቢ መሥሪያ ቤቶች ይልቅ ከመንደሩ ሰው ጋር መግባባት ይቀለኝ ነበር። በአሮጌው ከተማ በየቤቱ ደጃፍ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ፤ ማታ ነፋሱ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፣ ቡና ሻጩም ከሥሩ ፍም ያለበትን የነሐስ ጀበናውን ይዞ እየዞረ ስኳር የሌለው መራራ ቡና እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ ይቀዳል። እኛ ዘንድ በየአዲሱ ሠፈር ከምንም አስቀድመን የምናቆመው አጥር መሆኑን ሳይ ያ መደብ ትዝ ይለኛል። ባራዛ ለመሥራት ባሕር አያስፈልግም።

ችግሩን መደበቅ አልፈልግም። ሁለት ጊዜ በወባ ታምሜያለሁ፤ ጨው ያዘለው አየር የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር በዝገት ይበላዋል፤ በሚያዝያና በግንቦት የሚጥለው ዝናብም መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። ባሕሩ ራሱም እየታመመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ከመጠን በላይ በመሞቁ በዚያ ዳርቻ ብዙ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ቤት የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ነጥቶ ሞቷል፣ ኮራሉ ሲሞት ደግሞ ዓሣው መጠለያ ያጣል።

ስለሆነም ጋዜጣችሁ ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ላሙ ወይም ወደ ጅቡቲ ዘጋቢ በሚልክበት ጊዜ ከወደቡ አጥር ወጥቶ አንድ ሳምንት በመንደሮቹ እንዲያድርና የዓሣ አጥማጆቹን፣ የጀልባ ሠሪዎቹንና የእናቶቹን ኑሮ እንዲያስነብበን እጠይቃለሁ። እኔም የባሕሩን የመሙያና የመጉደያ ሰዓት፣ የነፋሱንም አቅጣጫ በየዕለቱ የመዘገብኩባቸውን ደብተሮች ለዝግጅት ክፍሉ ለማዋስ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከሱሉልታ