ለአባባ፣ ስለ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤና ስለ ዓይንዎ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆም ሁለተኛ ክፍል ገባ። የላኩለትን ካርታ ከአልጋው ራስጌ ለጥፎ የወንዞቹን ስም እየጠራ ነው የሚተኛው። ፊደሉን አግዝፌ ያተምኩት አስቴር ሳታነብልዎት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

«ያ የካናዳ ባሕር መቼ ነው በረዶ ሆኖ የሚረጋው?» ላሉኝ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሃድሰን ሀገር የሚያክል ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ በአማካይ 100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ወንዝ ስለሚገባበትም ላዩ ጨው ይጎድለዋል። ጨው የበዛበት የባሕር ውኃ እስከ −1.8 ዲግሪ ሳይረጋ ይቆያል፤ ወንዝ የተቀላቀለበት ግን ይቀድማል። በረዶው ከሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በታኅሣሥ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይዘጋዋል።

አስቴር ወርልድቪው የተባለውን የናሳ የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ታብሌቱ ላይ ትክፈትልዎት፤ ክፍያ የለውም። ቴራ የተባለችው ሳተላይት ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ ያነሣቻቸው ምስሎች በየቀናቸው ተቀምጠዋል። ኅዳርን ሲያዩ ባሕሩ ላይ እንደ እርሻ ትልም የተሰለፉ ደመናዎች ያገኛሉ። ደረቁ ብርድ ነፋስ ገና ያልረጋው ውኃ ላይ ሲያልፍ እርጥበትና ሙቀት እየወሰደ የሚሠራቸው ናቸው። ከበረዶው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ብለው የሚጀምሩትም አየሩ መጀመሪያ እርጥበት መያዝ ስላለበት ነው።

የሚያስቸግረው ነጭን ከነጭ መለየቱ ነው። የትናንቱንና የዛሬውን ምስል ያስተያዩ፤ ደመናው ቦታ ይቀይራል፣ ከባሕሩ ዳር የተጣበቀው በረዶ ግን ፍንክች አይልም። ቀጥሎ ጥቁር ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የሚሰነጠቀው በረዶው ነው። ካልለየልዎት 7-2-1 የሚለውን የቀለም ቅንብር ይምረጡ፤ በረዶው ወደ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ይለወጣል፣ ዝቅ ያለው ደመና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከፍ ብሎ የሚሄደው ስስ ደመና ግን ራሱ የበረዶ ቅንጣት ስለሆነ እሱም ሰማያዊ መስሎ ያሳስታል። ደመናና ጨለማ የማያግደው ራዳር ነው፤ ሴንቲኔል-1 የተባለችው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት የተላከችው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጭምር ነው።

በግንቦትና በሰኔ መቅለጥ ሲጀምር፣ ደቡቡ ስለሚሞቅ ቀድሞ ይጠራል ብለው እንዳይጠብቁ። የሰሜን ምዕራቡ ነፋስና የባሕሩ ዙሪት በረዶውን ወደ ደቡብ እየገፉ ያከማቹታል። የመጨረሻው ቁራጭ በሐምሌ የሚታየው እዚያው ደቡብ ነው። ነጫጭ የዋልታ ድቦቹም በረዶው ሲከዳቸው በባሕሩ ምዕራብ ዳር ባለችው ቸርችል ከተማ አካባቢ የብስ ወጥተው እስከ ኅዳር ይጠብቃሉ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ከነበረው ጋር ሲተያይ ያለ በረዶ የሚቆይበት ጊዜ በሳምንታት ረዝሟል። ይህ ያሳስበኛል።

አባባ፣ ጠብታውን እያደረጉ ነው? አስቴርን ስጠይቃት «ደህና ናቸው» ትለኛለች። እማማም «ደህና ናት» ስትባል ነበር። ሰዎች በማለዳ በሬን ሲያንኳኩ መርዶ መሆኑን ያወቅሁት ፊታቸውን አይቼ ነው። «በሰው ሀገር አይጨነቅ» ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የመጨረሻ ድምፅዋን ነው የነሣችሁኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

ግላኮማ የሚሉት ይህ የዓይን ሕመም ብዙውን ጊዜ አያምም። ዳር ዳሩን ነው የሚወስደው፤ የጎደለውን አእምሮ ስለሚሞላው ሰውየው አይታወቀውም፣ የሄደውም አይመለስም። ስለዚህ «አያለሁ እኮ» አይበሉኝ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ፤ ሁለተኛው ጉንጭዎ ላይ ነው የሚፈሰው። ዓይንዎን ከድነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ 2 ደቂቃ ይጫኑ። ሌላኛውን መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት 5 ደቂቃ ይታገሡ። ጠርሙሱ ሳያልቅ ሌላ ይገዛ፤ ገንዘቡን ለአስቴር ልኬያለሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሁለቱንም ዓይን ግፊት ቁጥር ያስጽፉልኝና የዳር እይታ ምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንሥታ አስቴር ትላክልኝ። መጥፎም ቢሆን እንዳለ ይላክ። ትኬት መቁረጥ ካለብኝ በጊዜ ልወቀው።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ