ስለ ካምፕ ለጁን ውሃ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ትላንት ስለ ካምፕ ለጁን የተበከለ ውሃና አሁንም ካሳ ይገኝ እንደሆነ የጠየቃችሁኝን በአጭሩ ልመልስ። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ያለ የማሪኖች (የባህር ወለድ ጦር) ካምፕ ነው፣ ከ1953 እስከ 1987 እዛ የኖረ ሰው የጠጣው፣ ልጁን ያጠበበት፣ የህጻን ወተት የበጠበጠበት ውሃ ለካ ቲሲኢና ፒሲኢ የሚባሉ ለብረትና ለልብስ ማጽጃ የሚያገለግሉ መርዛማ ኬሚካሎች ነበሩበት፣ ሀድኖት ፖይንት በሚባለው የካምፑ ክፍል ከመሬት ስር የፈሰሰ ነዳጅም ነበር፣ ታራዋ ቴራስ የሚባለው የቤተሰቦች ሰፈር ደግሞ ከካምፑ ውጪ ባለ ላውንደሪ ነው የተበከለው፣ ጉድ እኮ ነው! ጄሪ ኤንስሚንገር የሚባለው ማሪን ልጁ ጄኒ በ9 አመቷ 1985 ላይ በሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ሞታበት፣ የውሃውን ነገር የሰማው ግን በ1997 ከቲቪ ዜና ነው፣ 12 አመት ሙሉ ለምን ለምን ሲል ኖሮ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ አልችልም።

አሁን ወደ ጉዳያችን፣ በውሃው የተጎዱ ሰዎች በአሜሪካ መንግስት ላይ የካሳ ክስ የሚያስገቡበት ጊዜ ኦገስት 2024 ላይ አልፏል፣ አሁንም አስገባላችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ እንዳትሰሙት። ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መስሪያ ቤት) ጋር ግን አልተዘጋም፣ ቢያንስ 30 ቀን እዛ የኖረ የወታደር ቤተሰብ ለ15 አይነት በሽታ ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን የህክምና ወጪ መጠየቅ ይችላል። የጋብቻ ወይ የልደት ሰርተፊኬትና እዛ መኖራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ፣ ፎርሙ ላይ የተቸገረ በውስጥ ይጻፍልኝ።